ከየትኛው ጓዳ?

ኮምቦልቻ የሠራሁበት ሆቴል ሁለት ጓዳ ነበረው። አንዱ የእስላም፣ አንዱ የክርስቲያን። በመካከላቸው የጭቃ ግድግዳ አለ። ሳህኑም የተለየ ነው፤ የእስላሙ ጠርዙ አረንጓዴ፣ የክርስቲያኑ ሰማያዊ። ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ አስተናጋጇ ጠጋ ትልና «ከየትኛው ጓዳ ላምጣልዎ?» ትላለች። «ከእስላሙ» ወይም «ከክርስቲያኑ» ይላል፤ አለቀ። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። የሚጠየቀው ጓዳ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ዓይነት ሳህን ይቀርባል፤ ባልና ሚስት እንኳ እያንዳንዳቸው ከየሳህናቸው እየበሉ ሲጨዋወቱ አይቻለሁ። ይህ የሚገርመው ሰው ካለ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሆጤ ነው ያደግሁት። ሆቴሉ ከባለቤቱ ተወርሶ የመንግሥት ከሆነ በኋላ አስተናጋጅ ሲፈልጉ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የእስላሙን ጓዳ የምትይዘው ሴት ከባለቤቱ ዘመን ጀምሮ እዚያው የነበረች ናት። ባሏ ሞቷል፤ የሟች እህቷን ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። እትዬ እላት ነበር፤ ግን እንደ እናቴ አንቺ እያልኩ ነው የማናግራት። የመጀመሪያ ቀን ትሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆሜ አይታ «አብሽሪ፣ ትሪው አይበላሽም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን የምበላው ከሷ ጋር ሆነ። ከዚህ ሥራ በቀር ምንም የላትም፤ እሷም አልደበቀችውም። «ይሄ ምድጃ ከጠፋ የነዚያ ልጆች ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው» ትል ነበር።

ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ይህን የምለው ለማስመሰል አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። አንዷ አስተናጋጅ ስትታመም አቅፎ መኪና ላይ ያወጣት፣ ደሴ ሆስፒታል ድረስ አብሯት የሄደ እሱ ነው። በገባ በሳምንቱ ግን ሁለቱን ጓዳ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ነገርነው።

«በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሰው በሃይማኖቱ ተለይቶ ይበላል?»

ምን እንበለው? ይበላል፤ ሲበላ ኖሯል። 

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው የመካከሉን ግድግዳ አፈረሱት። አረንጓዴውና ሰማያዊው ሳህን አንድ ላይ ተደረደረ። የክርስቲያኑን ጓዳ የምትይዘው ወጥ ቤት ደሴ ወዳለ ሌላ ሆቴል ተዛወረች፤ እትዬ ብቻዋን ቀረች። ሥጋውም ከአንድ ልኳንዳ እንዲመጣ ታዘዘ። ያ ልኳንዳ የክርስቲያን ነበር፤ ሆን ብሎ የመረጠው የለም፣ ለሆቴሉ ስለሚቀርብ ነው። በመጨረሻም በጽሕፈት መኪና የተመታ ማስታወቂያ ከባንኮኒው ጀርባ ተለጠፈ። ደንበኛ ሁሉ እኩል መሆኑን፣ አስተናጋጅ የደንበኛን ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ ወይም የዘር ሐረግ መጠየቅም ሆነ በዚያ ለይቶ ማስተናገድ በጥብቅ መከልከሉን፣ ይህን የጣሰ ሠራተኛ ከሥራ እንደሚሰናበት ይናገራል። ከሥሩ ማኅተም አለው። ቃል በቃል ቢያነቡት አንድም የሚጠላ ነገር የለውም። ዛሬም ቢሆን ጥሩ ጽሑፍ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ የተበላሸው ጨው ነው። እትዬ የክርስቲያን ሥጋ በእጇ ትሠራለች እንጂ በአፏ አትቀምስም። እኔም አልቀምስም። ስለዚህ ድስቱ ሊወጣ ሲል ዘበኛውን ከበር እንጠራዋለን፤ እሱ ክርስቲያን ነው። ጠመንጃውን ጥግ ያስደግፍና አንድ ማንኪያ ቀምሶ «ትንሽ ጨምሪ» ይላል፤ ይሄዳል። ሁልጊዜ ጨምሪ ነው፤ ቀንሺ ብሎ አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጭራሽ የባሰ ነበር። ክርስቲያኑ ይጾማል፣ እስላሙ አይነካውም፤ ያ ሁሉ ወጥ ቀማሽም በላተኛም ሳያገኝ ይውላል። ሥራ አስኪያጁ ግን በየቀኑ ይሠራ ብሏል። «ምነው ጨዉ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል?» ብሎ ሲጠይቀን እኔና እትዬ ሳቃችንን እንዴት እንደምንውጠው አላህ ነው የሚያውቅ።

ቀጥሎ ሰው ጠፋ። መኪናቸውን በራችን ላይ ያቆሙ የነበሩት የአሰብ ሹፌሮች አንድ ቀን ገብተው «ከየትኛው ነው?» አሉ። «ሁሉም አንድ ነው» አልናቸው። ሽሮ በልተው ወጡ፤ ሁለተኛ አልመጡም። ክርስቲያኑም ቢሆን ወጥ ቤቷ እስላም መሆኗን ያውቃልና እጁን ይሰበስባል። ሁሉም እኩል ሽሮ በላ። እኔ ያኔ ምላሴ አያርፍም ነበርና «እትዬ፣ እኩልነት ማለት ሽሮ ነው እንዴ?» ስላት፣ «ዝም በይ አንቺ፣ ሰው ይሰማሻል!» ብላ በማማሰያው ሰነዘረችብኝ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሆቴሉ ባዶ ከዋለ መዘጋቱ አይቀርም፤ ከተዘጋ እትዬ ወዴት ትገባለች? ሁለታችን መላ መታን። ከእስላም ልኳንዳ ትንሽ ሥጋ በዘንቢል ይዛ ትገባለች፤ የሆቴሉ ዕቃ ገዢ ያያል፣ ዝም ይላል። ከትልቁ ድስት ጀርባ አንዲት ትንሽ ድስት ትጥዳለች። ወሬው በሹፌሮቹ ዘንድ ቀስ ብሎ ተዳረሰ፤ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ የትልቁ ድስት ሥጋ ከክርስቲያን ልኳንዳ መሆኑን የሰማ ክርስቲያንም መጣ። ክርስቲያን መሆኑን ላወቅሁት ከትልቁ፣ እስላም መሆኑን ላወቅሁት ከትንሿ አወጣለሁ። እትዬ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳታውቂ እንዳታወጪ። ሁለቱንም ወገን ፍሪ።»

ማወቁ ነው ጣጣው። መጠየቅ ክልክል ነው፤ ማስታወቂያው ከጀርባዬ ተለጥፏል። ሌላ አገር ቢሆን ስም ይበቃል። ወሎ ግን ስሙ የክርስቲያን ሆኖ ሶላቱን የማያስታጉል ስንት አለ። «ወላሂ» እያለ የሚምል ዲያቆንም አውቃለሁ። ስለዚህ ዓይኔን አሠለጠንኩት። አንገቱ ላይ ማተብ ካለ ትልቁ ድስት። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ከገባ ትንሿ። ምንም ምልክት የሌለው ሰው ከመጣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ወሬ አስጀምረዋለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዜር ይመስገን» እስኪል ድረስ ጠረጴዛውን እየወለወልኩ እጠብቃለሁ። ረቡዕና ዓርብ ግን እፎይታዬ ነው። ክርስቲያን ስለሚጾም በነዚያ ቀናት ሥጋ ያዘዘ ሁሉ እስላም ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ከትንሿ አወጣለሁ። ወራት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ፋብሪካ የምትሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገራዶ መውረዳቸውን ነገሩኝ። ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበዋል። «እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉኝና ቅቅል አዘዙ። ረቡዕ ነው፣ ቅቅል ነው፤ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ከትንሿ ድስት አወጣሁላቸው። አጥንቱን ሳይቀር ግጠው በሉ። ሲጨርሱ ሞቃቸውና ጋቢውን ከትከሻቸው ጣል አደረጉት። አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ አለ።

መጀመሪያ፣ ይሄ ሰውዬ ጾም ይገድፋል እንዴ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ፋሲካ ካለፈ አምስተኛው ሳምንት ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ክርስቲያን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን የማያውቅ የወሎ እስላም አለ? ሆጤ ልጆች ሳለን የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ጾምና ፍስክ ከነሱ ቀድመን ነበር የምንቆጥረው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጠንቅቄ ነበር፤ ኋላ ፋሲካው ከልቤ ወጣ። በቃ፣ ረሳሁት።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ጠግበው ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ፤ እትዬም ድስቷን ታጥባለች። ቆሜ ያሰብኩት ግን የራሴን አፍ ነው። እኔን አንድ ሰው የማይፈቀድልኝን አብልቶኝ እያወቀ ዝም ቢለኝ እስከ መቃብሬ አልምረውም። ጠጋ አልኳቸውና «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የበሉት የእስላም ነው» አልኳቸው።

አልጮኹም። ምነው በጮኹ! በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙና ሳህኑን አዩት።

«ሳላውቅ ነው፤ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያስ ወረቀት ስጪኝ» አሉ። አልገባኝም። «ለንስሐ አባቴ የማሳየው። ሳላውቅ መብላቴን የሚል፣ ማኅተም ያለበት።»

ያን ጊዜ ለሁሉ ነገር ወረቀት ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወረቀት፣ ስኳር ለመግዛት ወረቀት፣ ከተማ ለመግባት ወረቀት። ሽማግሌው የነፍሳቸውም ጉዳይ ያለ ማኅተም አይታመንም ብለው ቢያስቡ አልፈርድባቸውም። እኔ ማኅተም የለኝም አልኳቸው። ማን ጋ እንዳለ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ሲነሡ ደግፌያቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን።

ሊከሱ አልነበረም የመጡት። ወረቀት ብቻ ነው የፈለጉት፤ እሱንም በትሕትና ነው የጠየቁት። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የእስላም ሥጋ? የምን የእስላም ሥጋ? እዚህ ቤት ያለው አንድ ድስት ነው» አለ ወደ እኔ እያየ። ፊቴ ነገረው። ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ትንሿን ድስት ከነክዳኗ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከወረቀቶቹ መሃል አስቀመጣት።

«ልጅቷን አትቆጣት ጓድ» አሉ ሽማግሌው። «ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር። ምናለበት ብትጠይቀኝ?»

«መጠየቅ ክልክል ነው።»

«ሰውን ከየትኛው ትበላለህ ብሎ መጠየቅ?»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አነሣ። ሆቴሉ እንዲህ ያለ ማስረጃ እንደማይሰጥ ብቻ ነገራቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። አልረገሙኝም፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩን ዘጋው። ይጮኽብኛል ስል ተቀመጠ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አለ። «የአገሩ ማረሻ ሁሉ ከሱ እጅ ነው የሚወጣው። እኔ ግን ውሃ ጠምቶኝ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ‹የማን ልጅ ነህ?› ይሉኛል። ስነግራቸው ከበር ጀርባ የተንጠለጠለ ቅል ያወርዳሉ፤ ለኛ ብቻ የተቀመጠ። ያን ጥያቄ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እኔ በምመራው ቤት ማንም ማንንም አይጠይቅም።»

 እኛም ቤት ነበር። ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሆጤ እናቴ ጋ ስትመጣ ውሃ የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻው ነው፤ የማቀብላት እኔ ራሴ ነበርኩ። ይህን አልነገርኩትም፤ አፈርኩ። ደግሞም ተናደድኩ። የሱ ቅልና የእኛ ሁለት ጓዳ አንድ አይደለም፤ ቅሉ ሰውን መጸየፍ ነው፣ ጓዳው ሰውን ማክበር ነው። ይህን ዛሬ እንዲህ ቀጥ አድርጌ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። «ድስቷ የማን ናት?» አለኝ።  ቤቱ ውስጥ ያለችው ወጥ ቤት አንድ ናት፤ የኔን ምስክርነት አላስፈለገውም።

ለእትዬ ራሴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ለሰውዬው ነገርሽው?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው።»

ቢላዋውን አስቀመጠች።  «ደግ አደረግሽ» አለች። «ሰውዬው ሳያውቅ ቢሄድ ኖሮ እኔ ነኝ የምጠየቅበት።» ከዚያ ስለ ልጆቹ አወራች፤ ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛን እንደምትፈተን።

ለዓርብ የሠራተኛ ስብሰባ ተጠራ። ሐሙስ ዕለት ተፈቅዶልን ሁለታችን በአውቶቡስ ደሴ ወጣን፤ ያቺን የተዛወረችውን ክርስቲያን ወጥ ቤት ልናማክር። ሁለቱ እንደ እህትማማች ናቸው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። የሷም ሆቴል ያው ማስታወቂያ ደርሶታል፤ እዚያ ያለው አለቃ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ሁለቱን ጓዳ ግን እንዳለ ትቶታል። እሱ የወሎ ሰው ነበር። «ድስቷ የሠራተኛ ምሳ ናት በያቸው» ብላ መከረቻት። «አንቺና ልጅቷ እስላም ናችሁ፤ ምሳችሁን ብትሠሩ ማን ይከሳችኋል?» ጥሩ መላ ነበር። እትዬ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ሽማግሌው ታዲያ ከምን በሉ? እሳቸውን ውሸታም ላድርግ?» አለች። ዳገቱን ቁልቁል ስንወርድ በመስኮት ስታይ ነበር።

ስብሰባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በምግብ አዳራሹ ተደረገ። ማስታወቂያው ተነበበ፤ ቀጥሎ ክሱ፤ በደንበኞች መካከል በሃይማኖት ልዩነት መፍጠር። እትዬ ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሽርጧን አላወለቀችም።

«የትኛው ደንበኛ ከየትኛው ድስት እንደሚበላ የሚለየው ማን ነበር?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ይህ ጥያቄ የኔ ነው። መልሱም ሁለት ቃል ነው፤ «እኔ ነኝ»። ለሽማግሌው ፊት ለፊት የተናገርኩት እኔ እዚያ ምላሴ ታሰረ። የፈራሁት ከሥራ መባረርን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ የተነሣ ስም የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

«እኔ ነበርኩ» አለች እትዬ። «ልጅቷ የሰጠኋትን ነው የምታወጣ።»

ሥራ አስኪያጁ አየኝ። እውነቱን ያውቀዋል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

እንድትሰናበት ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔው ደሴ ወዳለው የበላይ ቢሮ ስለሚላክ በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት፤ አንድ ሰው ከተለየ ለምን ተለየ ተብሎ ይጠየቃል። እትዬን ሳይጨምር አሥራ አንድ ሠራተኞች ነበርን። «የምትደግፉ» ተባለ፤ እጆች ወጡ። ዘበኛው መሬት መሬት እያየ አወጣ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ከኋላ ቆሞ ይቆጥራል።

«አሥር» አለ። «አንድ ይጎድላል።»

የጎደለው የኔ ነው። እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ለማውጣትም ላለማውጣትም አቅም አጥቼ ነው። ሰዎች ማን እንደሆነ ለማየት መዞር ጀመሩ። እትዬም ዞረች፤ አየችኝ። ከዚያ ወደ ፊት ተመለሰችና የራሷን እጅ አወጣች።

«አሥራ አንድ» አለ ንብረት ክፍሉ፤ ከኋላ ሆኖ እጅ እንጂ ፊት አያይም። ሥራ አስኪያጁ ግን ከፊታችን ነው የተቀመጠው፤ አይቷል። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፤ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ።

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ዞረ። እትዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሟን ለመጻፍ ጊዜ ወሰደባት፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅናት። ስትጨርስ እስክሪብቶውን ለኔ አቀበለችኝ። ፈረምኩ።